መሣሪያውን ከመኰነን በፊት ጆሯችንን እንመርምር

እኔ የሙዚቃ ሊቅ አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስሁ ወዲህ ዘመኔን ያሳለፍሁት ደብዳቤ በማርቀቅ፥ ቃለ ጉባኤ በመጻፍና መዝገብ በማገላበጥ ነው። ስለዚህ ስለ ዜማ ብዕሬን ሳነሣ፥ «ይህን ደግሞ ምን አገባው?» የሚለኝ ቢኖር አልቀየመውም። ይሁን እንጂ ስለ ዜማ የተሰጠ አንድ ፍርድ በእኔ እጅ ተጽፎ በእኔ ፊርማ የጸና ስለሆነ፥ ዝም ልበል ብል ኅሊናዬ አላስቀምጥ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የመስቀል በዓል ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፥ በወልቂጤ ከተማ በመድረክ የሚቀርበውን ዘፈን አስቀድሞ የሚመረምር አንድ ኮሚቴ ተሰይሞ ነበር፤ እኔም ጸሐፊ ሆኜ ተመደብሁ። ከቀረቡት መካከል ከቡታጅራ የመጣ አንድ ወጣት ነበረ። ክራርም ኦርጋንም አልያዘም። ከቦርሳው ያወጣው ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ የማይበልጥ፥ በላዩ ለስላሳ አራት ማዕዘን ገበታ ያለው ጥቁር ዕቃ ነው። ዕቃውን ከድምፅ ማጉያው ጋር ካያያዘ በኋላ፥ አያቱ እንሰት እየፋቁ ያንጐራጐሩትንና እያጨበጨቡ የዘፈኑትን፥ እርሱ ራሱ በስልክ የቀዳውን ዜማ አሰማን። ጣቱን በገበታው ላይ ሲያንሸራትት የእናታችን ድምፅ አንድ ጊዜ ከሩቅ ሸለቆ እንደሚመጣ ጥሪ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከጆሮ ሥር ሹክ እንደሚል ይቀርባል። ጭብጨባቸውም በራሱ ላይ እየተደራረበ ሲመላለስ፥ አንዲት ባልቴት መንደር ሙሉ ሴቶች መስለው ተሰሙ።

ዜማው ሲያበቃ ለጥቂት ጊዜ ጸጥታ ሆነ። ከዚያም አንድ የተከበሩ አባል፥ «ልጄ፥ ይህ የማሽን ድምፅ ነው እንጂ የጉራጌ ዘፈን አይደለም፤ ከባዕድ የመጣ ዕቃ ነው» አሉት። ሁለተኛው፥ «የእናቶቻችንን ድምፅ ያበላሻል» ብለው ደገፏቸው። ሦስተኛውም፥ «ደግሞስ ገበታ በጣት መዳሰስ ሙያ ሆነ ወይ?» ብለው ሣቁ። በመጨረሻም፥ «ከባህላችን ጋር የማይስማማ ስለ ሆነ አይቅረብ» ተባለ፤ እኔም ይኸንኑ በንጹሕ ጽሕፈት ገልብጬ ፈረምሁ። ወጣቱ ዕቃውን ጠቅልሎ፥ ለሁላችንም እጅ ነሥቶ ወጣ።

በበዓሉ ዕለትስ ማን ቀረበ? አንድ ሰው ብቻውን ከኦርጋን ኋላ ቆመ። ኦርጋኑ ከፋብሪካ ወይም ከሌላ ሰው ተሞልቶ የመጣውን ምት ሳያርፍና ሳይለውጥ ይደበድባል፤ ያው ምት ጥቂት ፈጠን ሲል የጉራጌ፥ ጥቂት ዘግየት ሲል የሌላ አገር ይባላል። ጭብጨባው እንኳ የሰው እጅ ጭብጨባ አልነበረም፤ ከቍልፍ የወጣ ነው። ነገር ግን ሰውዬው ያማረ ያገር ልብስ ለብሶ ስለ ነበር፥ «ባዕድ ነው» ያለ አንድም አልተገኘም። እኛም ከፊት ወንበር ተቀምጠን አጨበጨብንለት።

ያን ዕለት አንድ ነገር ገባኝ፤ ይኸውም ኮሚቴያችን ዜማን የመረመረው በዓይኑ እንጂ በጆሮው አለመሆኑ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም የሦስቱን አባሎች ክስ አንድ በአንድ ለመመለስ ነው። እነዚህ ክሶች በእኛ ኮሚቴ ብቻ የሚሰሙ ሳይሆኑ፥ በየጽሕፈት ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚደጋገሙ ናቸውና።

አስቀድሞ ግን የተከሰሰውን ማወቅ ይገባል። (ከአዋጅ ቍጥር በቀር፥ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) መሣሪያው ካኦስ ፓድ ይባላል። ኮርግ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የመጀመሪያውን በ1999፥ ሁለተኛውን በ2002፥ ሦስተኛውን በ2006 አውጥቷል። ዋና ሥራው የራሱን ድምፅ ማሰማት ሳይሆን የሌላውን ድምፅ ተቀብሎ መለወጥ ነው። ድምፁ በሽቦ ይገባል፤ በውስጡ ወደ ቍጥር ተመንዝሮ ይሰላል፤ ተሰልቶም እንደ ገና ድምፅ ሆኖ ይወጣል። የስሌቱን መጠን የሚወስነው ጣት ነው። ጣት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲሄድ አንዱ መጠን ይለወጣል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ሌላው ይለወጣል። ለምሳሌ የገደል ማሚቶ እንዲያሰማ ቢታዘዝ፥ በአንዱ አቅጣጫ ማሚቶው የሚመለስበት ጊዜ ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ በሌላው አቅጣጫ የሚደጋገምበት ብዛት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ድምፅ እንዲያጣራ ቢታዘዝ፥ ቀጭኑን ድምፅ ቈርጦ ወፍራሙን ያስቀራል፤ ወይም ወፍራሙን ቈርጦ ቀጭኑን ያስቀራል። እንዲቈይ ካልታዘዘ በቀር፥ ጣት ሲነሣ ለውጡም ያበቃል። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ አጫጭር ድምፆችን በአራት ቍልፎች ቀድቶ እያመላለሰ ያሰማል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምሥጢርም ጥንቈላም የለበትም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክስ እንምጣ፤ «ከባዕድ የመጣ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፥ ከባዕድ የመጣ ነው። ነገር ግን ክሱ እውነት ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሐሰት ሊሆን ይችላል። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ አርባ የአርመን ልጆችን ከነሐስ ሙዚቃቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ እንዳስመጡ የማያውቅ የለም። መሣሪያዎቹም ከባዕድ የመጡ ነበሩ። ሆኖም ከዚያ ዘር የበቀለው የባንድ ሙዚቃ ዛሬ ያለ አንዳች ክርክር የኢትዮጵያ ሙዚቃ ይባላል። በ1941 አዲስ አበባ ውስጥ ከጉራጌ ቤተ ሰብ የተወለደው ማሕሙድ አሕመድ በ1975 «እሬ መላ መላን» ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሲያስቀርጽ ያጀቡት የኤሌክትሪክ ጊታርና ሌሎች ከባዕድ የመጡ መሣሪያዎች ነበሩ። በዚህ ምክንያት «ማሕሙድ የእኛ አይደለም» የሚል ጉራጌ ካለ ይነሣና ይናገር! ኃይሉ መርጊያም በ1985 በአሜሪካን አገር አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ምት ከሚመታ ማሽን ጋር አጣምሮ ያገሩን የቆዩ ዜማዎች በካሴት አወጣ፤ ያም ሥራ በ2013 እንደ ገና ታትሞ ዓለም ሰማው። በዘመናችንም ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ያገራችንን ዜማና መሣሪያ ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር እያዋሐዱ ሲሠሩ፥ ሥራቸው ከአገር ውጭ የተሰማው የሌላውን አገር ስለ ቀዱ ሳይሆን የራሳቸውን ይዘው ስለ ቀረቡ ነው።

ከዜማ ውጭም አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ ስለ ጉራጌ መንደር ኑሮ የጻፉት መጽሐፍ፥ በ1964 በፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው ተተርጕሞ በአሜሪካ ታትሟል። የማተሚያ መኪና የተፈለሰፈው በጉራጌ ምድር አይደለም። ቸሃ በፊደል ተጽፎ ሲገኝ ግን «መኪናው ባዕድ ነውና መንደሩም ባዕድ ሆነ» ያለ ሰው አልሰማንም። ለቋንቋ የፈቀድነውን ለዜማ የምንከለክልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሁለተኛው ክስ «ድምፅን ያበላሻል» የሚለው ነው። ይህ ክስ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ከፍቅር የመጣ ነውና። ነገር ግን ከፍቅር የመጣ ስሕተት ስሕተት መሆኑ አይቀርም። አባቶቻችን ድምፅ ባሕርዩን እንዲለውጥ ማድረግን ነውር አድርገው አያውቁም። በገናን እንመልከት። ዐሥሩ የበገና አውታሮች እንዲሁ ቢመቱ ቀላልና ንጹሕ ድምፅ ይሰጣሉ። በአውታሩና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባል ቍራጭ ጠፍር ሲገባ ግን፥ አውታሩ እየነካው ይንዘረዘራል፤ ልብን የሚያርደው የበገና እንጕርጕሮ የሚገኘውም ከዚያ ነው። ታዲያ እንዚራ ምንድን ነው? ንጹሑን ድምፅ ተቀብሎ በሌላ መልክ የሚያወጣ መሣሪያ አይደለምን? ልዩነቱ ያኛው ከቆዳ፥ ይኸኛው ከኤሌክትሪክ መሠራቱ ብቻ ነው።

የገደል ማሚቶም እንዲሁ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። 170 ሜትር ርቆ ከሚገኝ ገደል ፊት ቆሞ የሚጣራ እረኛ፥ የገዛ ድምፁን ከአንድ ሰኮንድ በኋላ መልሶ ይሰማል፤ እየሰማም በማሚቶው ላይ ሌላ ድምፅ ጨምሮ ይጫወታል። ያ ወጣት ያደረገው ያንኑ ነው፤ ገደሉን በመዳፍ ስፋት ላይ አመጣው እንጂ ሌላ ምን አደረገ?

በዚህ ነገር ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክርልኝ ግን አንድ ግብጻዊ ነው። ሐሊም ኤል ዳብህ ይባላል። በ1944 በካይሮ ከተማ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ የሴቶችን የዛር ሥርዓት ዜማ ቀዳ። ከዚያም በራዲዮ ጣቢያ ውስጥ በማሚቶ እያሳለፈና እየለዋወጠ አዲስ ድርሰት አደረገው። ይህ የሆነው ፒየር ሼፈር በፓሪስ የተቀዳ ድምፅን ወደ ሙዚቃ በመለወጥ ስሙን ከማስጠራቱ ከ1948 አራት ዓመት በፊት ነው። ይኸው ሰው በ1962 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲ አስተማረ። እዚህስ ምን አቋቋመ? የኤሌክትሪክ ባንድ አይደለም! በ1963 መሰንቆን፥ ክራርን፥ በገናንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ ያሰለፈውን፥ በኋላም ተስፋዬ ለማ የመሩትን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ነው። እንግዲህ ድምፅን በማሽን መለወጥን ከማንም አስቀድሞ ከሞከሩት አንዱ የሆነው ሰው፥ ያገር ባህል መሣሪያዎቻችንን ሰብስቦ ካከበሩት አንዱ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ጠላቶች ቢሆኑ ኖሮ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ እንዴት አብረው ባደሩ?

ሦስተኛው ክስ «ሙያ የለበትም» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የማገኘው ከመሰንቆ ነው። መሰንቆ አንድ የጭራ አውታር እንጂ ሌላ የለውም። የድምፁ ቦታ ይኸ ነው የሚል ምልክትም የለበትም፤ አዝማሪው ቦታውን የሚያገኘው አውታሩን በጣቱ እየዳሰሰ፥ በጆሮው እየመዘነ ነው። ስንፍና ነው ያለው ግን የለም። የካኦስ ፓድ ገበታም እንደዚሁ ዜማው የት እንዳለ አይነግርም፤ አንድ ጣት ስፋት መሳሳት ዜማውን ያፈርሰዋል። ይህን በሒሳብ ላሳይ። አንድ ጭብጨባ በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታ ቢሆን፥ ከአንዱ ምት እስከ ሌላው ያለው ጊዜ ግማሽ ሰኮንድ ነው። ማሚቶው በዚያው በግማሽ ሰኮንድ ቢመለስ ከሚቀጥለው ጭብጨባ ጋር ይገጥማል፤ በሩብ ሰኮንድ ቢመለስ በሁለቱ መካከል ገብቶ ጭብጨባውን እጥፍ ያደርገዋል። ከዚህ ወጥቶ በዘፈቀደ ቢመለስ ግን ሁሉ ነገር ድብልቅልቅ ይሆናል፤ እግርም የሚረግጥበትን ያጣል። የጉራጌ ጭፈራ ሕይወቱ በእግርና በጭብጨባ ስምምነት ላይ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ያ ወጣት ግን የአያቱን ጭብጨባ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳተም። ምቱን በልጅነቱ በእግሩ ባይማረው ኖሮ በጣቱ አያገኘውም ነበር። ሙያው ያለው እዚያ ላይ ነው።

«መብራት ቢጠፋስ?» ያሉም ነበሩ። መብራት ቢጠፋ ኦርጋኑም ድምፅ ማጉያውም ይጠፋሉ፤ የሚቀረው የሰው ጕሮሮና የሰው እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ግን ለካኦስ ፓድ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም ነው።

እዚህ ላይ ደርሼ ወጣቶቹን ሁሉ ያለ ነቀፋ ባልፋቸው አድልዎ ይሆናል። በየሠርጉ ቤት የሚሰማውን እናውቃለንና። ማሚቶ ጥሩ ነው በማለት ቃሉ እስከማይለይ ድረስ በማሚቶ የሚያሰጥሙ አሉ፤ የጉራጌን ቋንቋዎች በደንብ የሚናገረው ሰው በየከተማው እየሳሳ በሄደበት ዘመን ቃልን ማስጠም ቀላል ጥፋት አይደለም። ጭብጨባውን በራሳቸው እጅ ማጨብጨብ የማይችሉ፥ ከሌላ ሰው ቀረጻ ቈርጠው የሚለጥፉ አሉ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የአሮጊቶችን ድምፅ ሳያስፈቅዱ ቀድተው፥ ስማቸውን እንኳ ሳይጠሩ፥ በራሳቸው ስም የሚያቀርቡት ናቸው። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ለደራሲ ብቻ ሳይሆን ለከዋኝም መብት ይሰጣል። የሚያዜሙት እናት ከዋኝ ናቸው፤ መድረክ ስላልወጡ መብታቸው አይቀርም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ፥ ይህም መሣሪያ እንደ ያዡ ነው። ቢላዋ እንሰትም ይቈርጣል እጅም ይቈርጣል፤ እጁ የተቈረጠ ሰው ግን ቢላዋን ከጉራጌ ቤት ይውጣ አላለም፤ አያያዙን ይማራል እንጂ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

ለባለሥልጣኖች፦ መድረክ ስትፈቅዱና ስትከለክሉ ዕቃውንና ልብሱን አትመርምሩ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ዜማው ከማን ተገኘ? ባለቤቱ ፈቀዱ ወይ? ቃሉና ምቱስ ይሰማል ወይ? ለእነዚህ መልስ ያለው በጭራም ይጫወት በኤሌክትሪክ ይለፍ፤ መልስ የሌለው ግን ካባም ቢደርብ ይቈይ።

ለመምህራን፦ ተማሪ በእጁ የያዘው ስልክ ዛሬ ድምፅ ለመቅዳት ይበቃል። ለመስቀል ወደ ዘመዶቹ መንደር የሚወርድ ተማሪ ሁሉ የአንድ ሽማግሌ ወይም የአንዲት ባልቴት ዜማ በፈቃዳቸው ቀድቶ፥ ስማቸውን፥ መንደራቸውን፥ ቀኑንና የዘፈኑን ምክንያት ጽፎ ቢመለስ፥ በጥቂት ዓመት ውስጥ በየትምህርት ቤቱ አንድ መዝገብ ይገኛል። ለዚህ በጀት መጠየቅ አያስፈልግም፤ ትእዛዝና ትጋት ብቻ ይበቃል።

ለተማሪዎች፦ ገበታውን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን አጨብጭቡ። በመድረክ ስትወጡም ዜማውን አስቀድማችሁ እንዳለ፥ ያለ አንዳች ለውጥ አሰሙ፤ ከዚያ በኋላ በመሣሪያው ተጫወቱበት። ያን ጊዜ ሰሚው የእናቱን ምን እንደ ሆነ የእናንተንም ምን እንደ ሆነ ለይቶ ያውቃል፤ «አበላሹት» የሚላችሁም አይኖርም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ። በጥር ወር ያን ወጣት ወልቂጤ በአውቶቡስ ማቆሚያ አገኘሁት። ሳፍር ሰላም አልሁት፤ እርሱም በአክብሮት መለሰልኝ። ስለ መሣሪያው ስጠይቀው፥ አያቱ በኅዳር ማረፋቸውን ነገረኝ። ዜማውን ከመንደራቸው ሌላ የሚያውቀው ሰው እንዳለ ብጠይቀው፥ «እኔ የማውቀው የለም» አለኝ። እንግዲህ ያን ዕለት «የእናቶቻችንን ድምፅ ያበላሻል» ብለን ያባረርነው፥ የእናታችንን ድምፅ ብቻውን ተሸክሞት የነበረውን ነው። «ያበላሻል» ያልነው ዕቃ ድምፁን ይዞ ቀርቷል፤ «እንጠብቀዋለን» ያልነው እኛ ግን አንዲት ቃል አልያዝንም። በእኛ እጅ የቀረው የእኔ ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው።

ቃለ ጉባኤ ደግሞ ሊታረም ይችላል። ዘንድሮ መስቀል ከመድረሱ በፊት ኮሚቴው ሲሰበሰብ፥ የመጀመሪያው አጀንዳ ያ ውሳኔ እንዲሆን በጽሑፍ ጠይቄአለሁ። አሳቤ ባይደገፍ የልዩነት አሳብ ሆኖ ከስሜ ጋር ይጻፍልኝ። በዚህ ጊዜ ስፈርም ግን አስቀድሜ አዳምጬ ነው።